የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በአራት ዓመት ምን ይማራል?

ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ምን እያጠናህ ነው?» ብሎ ነው። «ኮምፒውተር ሳይንስ» ሲል ደግሞ ወዲያው አንዱ አጎት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እንግዲያውስ ይችን ነገር እያት እስቲ፤ ባትሪዋ አልቆይ አለ» ይለዋል። ልጁ ይሥቃል እንጂ የትምህርቱን ምንነት ለአጎቱ በሚገባው መንገድ ማስረዳት ብዙ ጊዜ አይሆንለትም፤ ምክንያቱም ራሱም ኮርሶቹን አንድ በአንድ እየተፈተነ ያልፋቸዋል እንጂ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደተያያዙ የነገረው ሰው የለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ተማሪዎችን ሳስጠና ይህ ክፍተት በየዓመቱ ይገጥመኛል፤ ጽሑፉም የትምህርት ክፍል ለሚመርጡ ተማሪዎችና አብረዋቸው ለሚጨነቁ ወላጆች የታሰበ ነው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ዕቃውን የመጠገን ትምህርት አይደለም፤ ያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በደንብ ይሰጣል። የኮምፒውተር ሳይንስ ጉዳይ ስሌት ነው፤ ይኸውም አንድን ችግር፣ ማንም ሰው ወይም ማንኛውም ማሽን የራሱን ግምት ሳይጨምርበት ደረጃ በደረጃ ተከትሎ ከመልስ እንዲደርስ አድርጎ እንዴት መዘርዘር እንደሚቻል የሚመረምር ትምህርት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር አልጎሪዝም ይባላል፤ ነገሩም ቃሉ እንደሚመስለው ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ የሚቀምር ደብተራ ሁሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የ2018 ዓ.ም. ዘመን የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነና መስከረም 1 በምን ዕለት እንደዋለ እንፈልግ። በቅድሚያ 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍለው 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ስለሆነ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። ቀጥሎ 7518 ላይ መጠነ ራብዒቱን፣ ማለትም ለ4 ሲካፈል የደረሰውን 1879ን ስንደምር 9397 እናገኛለን፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው። ቀሪው 1 ሲሆን ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ እያለ የሚቆጠር በመሆኑ 3 ሐሙስ ላይ ያርፋል፤ የ2018 ዘመን መለወጫም ሐሙስ ዋለ። እዚህ ውስጥ የሚገባ ቁጥር አለ፣ በቅደም ተከተል የሚከናወን ሥራ አለ፣ «ይህ ከሆነ ያ ይሁን» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለ፣ የሚወጣ መልስም አለ። በፕሮግራም ቢጻፍ ከአሥርና ከአሥራ አምስት መስመር አያልፍም። ቀማሪው መብራት ባይኖርም ይሠራዋል፤ ኮምፒውተሩም ስለ ወንጌላውያን ምንም ሳያውቅ ይሠራዋል።

አገራችን ውስጥ ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጡት በአብዛኛው ለሁሉም ተማሪ የጋራ የሆኑት የፍሬሽማን ኮርሶች ናቸው፤ ስለ እነሱ እዚህ ማተት አያስፈልግም። ዋናው ጉዞ የሚጀምረው በፕሮግራሚንግ ኮርስ ሲሆን ቋንቋው ብዙ ጊዜ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ በኋላም ጃቫ ነው። ተማሪው ለቁጥርና ለጽሑፍ ማስቀመጫ ስም መስጠትን፣ በቅድመ ሁኔታ መንገድ መለየትን፣ አንድን ሥራ ደጋግሞ ማሠራትንና ረጅሙን ሥራ በየስሙ ከፋፍሎ መጻፍን ይለማመዳል። ብዙዎች ትምህርቱ ይኸው ብቻ ይመስላቸውና «ስንት የፕሮግራም ቋንቋ ታውቃለህ?» እየተባባሉ ይፎካከራሉ። ቋንቋ ግን መሣሪያ ነው፤ ሲ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1972 አካባቢ ነው፣ ፓይተን በ1991፣ ጃቫ በ1995 ወጡ፣ ሌሎችም ይከተላሉ። አንዱን በሚገባ ያወቀ ሰው ሁለተኛውን ለመልመድ የሚፈጅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ማሰቡን ያልለመደ ሰው ግን አምስት ቋንቋ ቢሸመድድ በአምስቱም ይቸገራል።

ጎን ለጎን የሚሰጠውና ተማሪዎች «ይህ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው?» እያሉ የሚያማርሩበት ኮርስ ዲስክሪት ማቲማቲክስ ነው። የሚያስተምረውም ሎጂክን፣ ስብስቦችን፣ ቆጠራን፣ የቀሪ ስሌትንና ማረጋገጫ መጻፍን ነው። ጥቅሙን ለማየት ወደዚያው ባሕረ ሐሳብ እንመለስ። ወንጌላዊውን ለማወቅ ብቻ ከሆነ 5500 መደመሩ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም 5500 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ቀሪውን አይለውጠውም፣ 2018ን ብቻ ለ4 ብናካፍልም የሚተርፈው ያው 2 ነው። ለዕለቱ ግን 5500ን መተው አይቻልም፤ ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፈዋልና። ፕሮግራሚንግ ብቻ የተማረ ልጅ ሁለቱንም እንደተነገረው ይጽፋቸዋል፤ ዲስክሪት የተማረ ልጅ የትኛው ሊቀር እንደሚችል ያውቃል፣ ለምን እንደሆነም ያስረዳል። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፈው፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ መሆኑን ለፕሮግራሙ በአንድ መስመር የሚነግረው በዚሁ እውቀት ነው። ከዚህ ሌላ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ ይሰጣሉ፤ እነዚህ ወደ ኋላ፣ በተለይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ዋጋቸው ይታያል።

የዚህ ሁሉ ትምህርት የጀርባ አጥንት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም የሚባሉት ሁለት ኮርሶች ናቸው። ዳታ ስትራክቸር መረጃ በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ እንዴት ቢደረደር ሥራ እንደሚቀል ያጠናል። በመነኻሪያ ወረፋ ፊት የመጣ ፊት ይሳፈራል፤ ይህ አንድ አደራደር ነው። በመሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ ደግሞ መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይነሣል፤ ይህም ሌላ አደራደር ነው፣ አንድ ፕሮግራም ሌላ ሥራ ጠርቶ ሲጨርስ ወደ ነበረበት የሚመለሰውም በዚሁ በመሶቡ ሥርዓት ነው። አሁን 30,000 የተማሪ ስም ያለበት መዝገብ አለ እንበል። ስሞቹ እንደ መጡ የተጻፉ ከሆነ አንድ ስም ለማግኘት በክፉ ቀን 30,000ውንም ማየት ያስፈልጋል። በፊደል ተራ ከተደረደሩ ግን መሐሉን ገልጦ ስሙ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ፣ ግማሹን መጣል፣ የቀረውንም እንደገና ማጋመስ ይቻላል፤ እንዲህ ሲደረግ ቢበዛ በ15 ጊዜ ማየት ይገኛል፤ 2 አሥራ አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 32,768 ስለሚሆን። ነገር ግን ይህ በነጻ የሚገኝ አይደለም፤ አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር በተራው ለማስገባት ከእሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መግፋት ግድ ይላል። ፍለጋውም ማስገባቱም እንዲፈጥን የሚፈልግ ሰው መረጃውን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ማደራጀትን ይማራል። የኮርሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እያንዳንዱ አደራደር አንዱን አቅልሎ ሌላውን ያከብዳል፣ የተማሪውም ሥራ የትኛው ክብደት እንደሚቻል መመዘን ነው።

አልጎሪዝም የሚለው ኮርስ ሚዛኑን በቁጥር ያስቀምጠዋል። አንድ ሚሊዮን መዝገብ በተራ ለመደርደር እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር የሚያስተያይ ዘዴ ብንጠቀም ሥራው ወደ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን እርምጃ ይጠጋል፤ በሴኮንድ መቶ ሚሊዮን እርምጃ የሚሄድ ማሽን 10,000 ሴኮንድ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። መዝገቡን እያጋመሰ ደርድሮ ግማሾቹን መልሶ የሚያዋህድ ዘዴ ግን ወደ ሃያ ሚሊዮን እርምጃ ብቻ ስለሚፈልግ በዚያው ማሽን ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ፤ ለመጀመሪያው ዘዴ አሥር እጥፍ የሚፈጥን ውድ ማሽን ቢገዛለት እንኳ ከአሥራ ስድስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የሐሳቡን ጉድለት ገንዘብ አልሸፈነውም።

በዚሁ ኮርስ ከሚጠኑት ሁሉ ለተማሪ ቶሎ የሚገባው የመንገድ ጉዳይ ነው። በወረቀት ላይ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚሉ ነጥቦችን አስቀምጠን በመስመር እናገናኛቸው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበርና ወደ እነዋሪ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ቅርንጫፍ እናውጣ፤ በየመስመሩም ላይ ርቀቱን እንጻፍ። ይህ ሥዕል ግራፍ ይባላል። ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላው አጭሩን መንገድ ፈልጎ የሚያገኘውን የታወቀ ዘዴ የኔዘርላንዱ ተወላጅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1956 አስቦት በ1959 አሳትሞታል። ሥዕሉ ሌላም ነገር ይናገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ የሚወክለውን መስመር ከወረቀቱ ላይ ብንሰርዘው ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን ጋር የሚያገናኛቸው ሌላ መስመር በሥዕላችን ላይ የለም። ሲቆረጥ ግራፉን ለሁለት የሚከፍል እንዲህ ያለ መስመር አስቀድሞ ለይቶ የሚያወጣ አልጎሪዝም አለ፤ የመብራትና የስልክ መስመር የሚዘረጉ መሐንዲሶችም ይጠቀሙበታል።

እስከዚህ ድረስ ማሽኑ ራሱ ተከድኖ ነበር። ክዳኑን የሚያነሣው ኮምፒውተር አርክቴክቸር ነው። ጆን ቮን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1945 በጻፈው ሰነድ የተገለጸው አሠራር፣ መመሪያውና መረጃው በአንድ ማስታወሻ ውስጥ ተቀምጠው ስሌቱን የሚያከናውነው ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ፣ መመሪያዎቹን ተራ በተራ እያመጣ፣ እየተረዳና እየፈጸመ የሚሄድበት ሥርዓት፣ ዛሬም የአብዛኞቹ ማሽኖች መሠረት ነው። ማስታወሻውም አንድ ዓይነት አይደለም። ገብሱ በጎተራ፣ ዱቄቱ በጓዳ፣ ሊጡ በእጅ እንደሚሆነው ሁሉ ብዙው መረጃ በዝግተኛው ዲስክ ላይ፣ ለዕለቱ ሥራ የተፈለገው ራም በሚባለው ፈጣን ጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ፣ በዚህች ቅጽበት የሚሠራበት ደግሞ እፍኝ በማትሞላው የፕሮሰሰሩ የራሱ ማስቀመጫ ውስጥ ይገኛል። ጎተራ ድረስ እየተመላለሰ አንድ አንድ ፍሬ የሚያመጣ ፕሮግራም ለምን እንደሚንቀራፈፍ የሚገባው ይህን የተማረ ነው።

ማሽኑ ከቁጥር በቀር የሚያውቀው ነገር እንደሌለም ተማሪው የሚረዳው እዚሁ ላይ ነው። አንዲት የማስጠናት ተማሪ በሲ ቋንቋ «ሰላም» የሚለውን ቃል ጽፋ ርዝመቱን እንዲነግራት ፕሮግራሙን ብታዘው 9 ብሎ መለሰላት፤ ሦስት ፊደል እንዴት ዘጠኝ ይሆናል ብላ ኮዷን ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፈችው። ኮዷ ስሕተት አልነበረበትም። ቀድሞ የነበረው የአሜሪካኖች የፊደል ሠንጠረዥ፣ አስኪ የሚባለው፣ 128 ምልክት ብቻ ስለሚይዝ ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዚያም ውስጥ የ«ሀ» ቁጥር 4608፣ የ«ሁ» 4609 እያለ ይቀጥላል። ይህ ቁጥር ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው አጻጻፍ ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር የሚይዙ ሦስት ትንንሽ ቦታዎች፣ ይወስዳል፤ «ሀ» 225፣ 136 እና 128 ሆና ትቀመጣለች። የሲ ፕሮግራም የቆጠረው ባይቱን ነው፤ ሦስት ጊዜ ሦስትም ዘጠኝ ነው።

ከማሽኑ በላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይመጣል፤ ተማሪ ሊሰቃይበት የሚገባው ኮርስ አንድ ብቻ ይሁን ብባል ይህን እመርጣለሁ። ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ፕሮሰሰር፣ አንድን ማስታወሻና አንድን ዲስክ ሳይጣሉ እንዲጋሩ የሚያደርገው እሱ ነው። ችግሩ የቱ ላይ እንደሆነ በገንዘብ እንየው። ባልና ሚስት በጋራ የባንክ ሒሳብ 1,000 ብር አላቸው። ባል መሐል ሜዳ ላይ 300 ብር፣ ሚስት ደብረ ብርሃን ላይ 500 ብር በአንድ ቅጽበት ሊያወጡ ቀረቡ። የባል ጥያቄ ሒሳቡን አይቶ 1,000 አገኘ፤ እሱ ቀንሶ ከመጻፉ በፊት የሚስትም ጥያቄ አይቶ 1,000 አገኘ። የባል 700 ብሎ ጻፈ፤ የሚስት ደግሞ ባየችው 1,000 ላይ ተመሥርቶ 500 ብሎ በላዩ ጻፈበት። ከሒሳቡ 800 ብር ወጥቶ 200 መቅረት ሲገባው መዝገቡ 500 ይላል፤ ባንኩ 300 ብር ከሰረ፣ ኮዱን መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ግን ጥፋት አያገኝበትም። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ከሺህ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ስለሚል በሙከራ መያዝ እጅግ ያስቸግራል። መድኃኒቱ ቁልፍ ነው፤ አንዱ ሒሳቡን ሲነካ ሌላው እስኪጨርስ ድረስ ውጭ ይጠብቃል። የመንዝ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም፤ የጋራ መሬታቸው የጓሳ ሣር በጥንታዊው የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ በስምምነት በተቆረጠ ቀን ይከፈት የነበረው የጋራ የሆነ ነገር ሁሉም በፈለገው ሰዓት ከነካው ለማንም እንደማይሆን ስለታወቀ ነው። ቁልፉ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዱ ሥራ የመጀመሪያውን ቁልፍ ይዞ ሁለተኛውን ሲጠብቅ፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ የመጀመሪያውን ሲጠብቅ ሁለቱም ለዘለዓለም ይፋጠጣሉ። ይህ እንዳይደርስ ቁልፎችን ሁሉም በአንድ ዓይነት ተራ እንዲያነሣ ማድረግ አንዱ መፍትሔ ነው።

ዳታቤዝ የሚባለው ኮርስ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ አድርጎ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና በስብስብ ሒሳብ መግለጽ እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሩም የሚሠሩት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ተማሪው አንድ እውነት በአንድ ቦታ ብቻ እንዲጻፍ ሠንጠረዦችን መለያየትን ይማራል፤ የአንድ ተማሪ ስም በአሥር መዝገብ ከተደጋገመ አንዱ ሲታረም ዘጠኙ ሳይታረሙ ይቀራሉና። ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ከመግባቱ በፊት መብራት ቢጠፋ ሥራው ወይ በሙሉ እንዲፈጸም ወይ ጭራሽ እንዳልተጀመረ እንዲቆጠር የሚያደርገውም ዘዴ የዚሁ ኮርስ ነው። መጻሕፍቱ የሚያነሡት ምሳሌ ሁሉ ግን የስምና የቤተሰብ ስም ነው፤ የእኛ ተማሪ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያስቀምጥ ራሱ ማሰብ አለበት።

ስለ ኔትወርክ ብዙ አልልም፤ ግራፉን የተረዳ ግማሹን ይዞታል። መልእክት በትንንሽ ጥቅሎች ተከፍሎ በተለያየ መንገድ ይሄዳል፣ የጠፋው እንደገና ይላካል፣ የቀደመውና የዘገየው መድረሻው ላይ በቁጥሩ ተራ ይያዛል። ይህን የሚያደርገው ቲሲፒ አይፒ የተባለው ስምምነት ሲሆን የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት መረብ ላይ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 ነው። የቀድሞው የአድራሻ አሰጣጥ 32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚጻፍባቸው 32 ቦታዎች፣ ብቻ ስለነበረ ከ4.3 ቢሊዮን ገደማ በላይ አድራሻ ሊኖረው አይችልም፤ የዓለም ሕዝብ ከዚያ እንደሚበልጥ፣ አንዳንዱም ሰው ሁለት ስልክ እንደሚይዝ ለሚያስብ አዲሱ አሰጣጥ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው።

ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት የስሌት ንድፈ ሐሳብን ነው። ኮርሱ የሚጀምረው በቀላል ነገር ነው፤ ለምሳሌ አንድ ቁጥር የሞባይል ስልክ መሆኑን ለመለየት የመጀመሪያው አኃዝ 0፣ ሁለተኛው 9 ወይም 7፣ ከዚያም ስምንት አኃዝ መከተሉን እያየ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚሸጋገር ትንሽ ማሽን በወረቀት ላይ ይሣላል። እየጠነከረ ሄዶ ግን አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 ካረጋገጠው ነገር ይደርሳል፤ ማንኛውም ኮምፒውተር፣ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ሊፈታቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች አሉ። የማንኛውንም ፕሮግራም ኮድ ተመልክቶ «ይህ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል» ወይም «ይህ ለዘለዓለም ይዞራል» ብሎ ሳይሳሳት የሚፈርድ ዳኛ ፕሮግራም አለ እንበል። እንግዲያው ዳኛው የሚለውን ሰምቶ ተቃራኒውን የሚያደርግ እምቢተኛ ፕሮግራም መጻፍ እንችላለን፤ ይቆማል ሲባል ይዞራል፣ ይዞራል ሲባል ይቆማል። ዳኛው በዚህ እምቢተኛ ላይ ምንም ቢፈርድ ተሳሳተ ማለት ነው፤ ስለዚህ የማይሳሳት ዳኛ ሊኖር አይችልም። ጠቅላላ ማረጋገጫው ይኸው ነው፤ ያለ አንድም ኮምፒውተር በእርሳስ የተሠራ ነው።

ሊፈቱ ከሚችሉትም መካከል በተግባር የማይደፈሩ አሉ። የአንድ ተማሪ ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት እንዳይውል አድርጎ የፈተና መርሐ ግብር በጥቂቱ ሰዓት ማውጣት፣ ኮርሶቹ ሲበዙ፣ በየትኛውም ጊዜ በፍጥነት የሚሠራ ዘዴ እስካሁን አልተገኘለትም፤ እንደማይገኝለትም አልተረጋገጠም። ይህን ጥያቄ የያዘውን እንቆቅልሽ ለሚፈታ ሰው አንድ የአሜሪካ የሒሳብ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አስቀምጧል፤ ገንዘቡ እስካሁን ወሳጅ አላገኘም። የፈተና ፕሮግራም ተጋጨብኝ ብሎ ሬጅስትራሩን የሚያማ ተማሪ ይህን ቢያውቅ ጥቂት ይራራ ይሆናል።

ኮምፓይለር ዲዛይን ከዚሁ ንድፈ ሐሳብ ይወጣል። ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚያውቀው ቁጥር የሚተረጉም ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ በጆን ባከስ መሪነት የተሠራው የፎርትራን ኮምፓይለር እ.ኤ.አ. በ1957 ለተጠቃሚ ቀርቧል። የፕሮግራም ቋንቋ ለምን ደረቅ እንደሆነ የሚገባው እዚህ ነው። በአማርኛ «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ማለታችንም ሊሆን ይችላል፣ ይገኛል ማለታችንም ሊሆን ይችላል፤ መጥበቁና መላላቱ በጽሑፍ ስለማይታይ አንባቢው ከዐውዱ ይለየዋል። ኮምፓይለር እንዲህ ያለውን ነገር አይለይም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ፍቺ ብቻ እንዲኖረው ይፈልጋል። ቅኔን ቅኔ የሚያሰኘው ሰምና ወርቅ ኮድ ውስጥ ከገባ በሽታ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ብዙ ሰው ተባብሮ ትልቅ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ ከተደረገ ጉባኤ ወዲህ ነው። ሃንዳውቱን በመሸምደድ የሚያልፉት ኮርስ ነው፤ የሚገባው ግን በኢንተርንሺፕ ነው። የኮምፒውተር ደኅንነትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ መጨረሻ ይመጣሉ፤ ዛሬ ሁሉም የሚቸኩለው ወደ ሁለተኛው ሲሆን ፕሮባቢሊቲና ሊኒየር አልጀብራን በ«ዲ» ያለፈ ልጅ እዚያ ሲደርስ ዕዳው ከነወለዱ ይጠብቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ ከእነዚህ ኮርሶች የተውጣጣ የመውጫ ፈተና ይወስዳል።

አራተኛው ዓመት የሚያልቀው በፕሮጀክት ነው፤ አብዛኛውም የሆነ መሥሪያ ቤት «ማኔጅመንት ሲስተም» ነው፣ ይህ ልማድ ቢሻሻል አልጠላም። ቢሆንም ከእነዚህ አንዱን በቅርብ አይቻለሁ። ሦስት ተማሪዎች ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪ መዝገብ ሠርተው ሊያስረክቡ ሲሄዱ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ኃይለ ሥላሴ» የሚል የአባት ስም ያላት ልጅ እንዲያወጡላት ጠየቀች፤ ሥርዓቱ «አልተገኘም» አለ። ልጅቷ ግን ተመዝግባ ነበር፣ መዝጋቢው «ሀይለስላሴ» ብሎ አስገብቷት እንጂ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለማሽኑ «ኃ» 4739፣ «ሀ» 4608 ስለሆኑ እንደ በግና እንደ በርበሬ የተለያዩ ናቸው። ከተማሪዎቹ አንዷ ተቀምጣ ቆጠረች፤ የመጀመሪያው ድምፅ በ«ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» እና «ኃ» በስድስት መንገድ ይጻፋል፣ «ሥ» በሁለት፣ «ሴ» በሁለት፤ 6 በ2 በ2 ሲባዛ 24፣ ስሙ ተለያይቶ ወይም ተገጥሞ ሊጻፍ ስለሚችልም 48። ይህ የሁለተኛ ዓመት የቆጠራ ትምህርት ነው።

አንዱ ልጅ 48ቱንም አንድ በአንድ እየፈለጉ እንዲሞክሩ ሐሳብ አቀረበ፤ ሌላዋ ይህ በስም ቁጥር ሲበዛ የት እንደሚደርስ በወረቀት አሳይታ ተወችው። በመጨረሻ ያደረጉት እንዲህ ነው፤ ሰውየው ስሙን የጻፈበትን መልክ ሳይነኩ በዳታቤዙ ውስጥ ሌላ የተደበቀ ዓምድ ጨመሩ፣ በዚያም ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ሁሉ በአንድ ወኪል ፊደል ተተክተውና ክፍተቱ ተወግዶ ተቀመጡ፤ የሚፈለገውም ስም በዚያው ወንፊት ካለፈ በኋላ ይፈለጋል። ለውጡ ትንሽ ሠንጠረዥና ወደ ሠላሳ የሚጠጋ መስመር ኮድ ብቻ ወሰደ። በማግስቱ መልሰው ሲያሳዩአት ሠራተኛዋ የልጅቷን ስም ከማስፈለጓ በፊት የራሷን ስም «ፀሐይ» ብላ ጻፈች፤ ወጣላት። «ጸሀይ» ብላ ጻፈች፤ ይህም ወጣ። ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ «በሉ እስቲ የክፍል ዝርዝሩን በፊደል ተራ አውጡልኝ» አለቻቸው፤ በ«ጸ» የተጻፈው በአንድ በኩል፣ በ«ፀ» የተጻፈው በሌላ በኩል ተለያይቶ ወጣ፣ ልጆቹም ላፕቶፓቸውን ይዘው እንደገና ተቀመጡ።